አብሽሪ እህቴ፣ ብቻሽንም ትደርሻለሽ

የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። በቴክስታይል ምህንድስና ተመርቄ ፋብሪካ ውስጥ፣ የክር ክፍል 2 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ጀርመን፣ አኸን ከተማ ለማስተርስ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ እበራለሁ። ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም፣ እዚያም የማውቀው ሰው የለኝም። ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፣ እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ልቅር ይሆን?»

እህቴ፣ አትቅሪ። መፍራትሽ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መጀመሪያ ብቻዬን አውሮፓ የሄድኩ ጊዜ እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ የምወደውን ነው ዛሬ የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ የሚያስደነግጥሽ ሕንጻው ወይም ብርዱ አይደለም። ዝምታው ነው። ደሴ ታክሲ ስትገቢ «እንዴት ዋላችሁ» ትያለሽ። ፒያሳ እስክትደርሺ ከጎንሽ ያለው ሰው የማን ልጅ እንደሆንሽ ሁሉ አውቋል። እዚያ ግን አውቶቡሱ ሰው ሞልቶት አንድ ድምፅ አትሰሚም። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ያስቀየምኩ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ቲኬቴን ይዤ ሳገላብጥ አንዲት አሮጊት ከመቀመጫቸው ተነሱ። ቲኬቱን ከእጄ ወሰዱ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ትንሽ ማሽን ላይ አስመቱልኝ፣ መለሱልኝና ሄደው ተቀመጡ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ፊት የነሳኝ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በስሜትሽ ተመርተሽ ስለ አገሩም ስለ ትምህርቱም አትወስኚ። «ምን አመጣኝ?» የሚለው ሐሳብ በተለይ ማታ ማታ ይመጣል። ይምጣ። ጠዋት ተነሺና ክፍል ግቢ።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ግን እንድትጠይቂ ነው። እዚያ ሰው ፊትሽን አይቶ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» ብሎ አይጠጋሽም። ከጠየቅሽው ግን አብዛኛው ቆሞ ያስረዳሻል። የኛ ይሉኝታ የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው። አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የለም፣ ረዳትም የለም። ምሰሶው ላይ ያለችውን ቁልፍ ካልተጫንሽ ፌርማታሽን ሊያልፈው ይችላል። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። እጅሽን ካላወጣሽ መምህሩ የገባሽ መስሎት ይቀጥላል። ደግሞ ባዶ እጅሽን አይደለም የምትሄጂው። ክር ለምን እንደሚበጠስ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ምን እንደሚሆን በሌሊት ፈረቃ ቆመሽ አይተሻል። አብረውሽ ከሚማሩት መካከል ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ አይጠፉም። አኸን ራሷ ለዘመናት በሱፍ ጨርቅ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ስለ ፋብሪካሽ አውሪያቸው፣ ያዳምጡሻል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። ከአንዲት ፕሮፌሰር ጋር የነበረኝን ቀጠሮ «8 ሰዓት» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ደብተሬን ሳየው በኛ አቆጣጠር አነበብኩት። የተቀጠርኩት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር፣ የደረስኩት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ። ሴትዮዋ ሌላ ቀን ቀጠሩኝ፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስልክሽን አሁኑኑ በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጊውና እዚሁ ልመጂው። 14፡30 ማለት የኛ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ስትደርሺ ጀርመን ከኛ በ1 ሰዓት ወደኋላ ትሆናለች። በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ላይ ሰዓታቸውን ሲለውጡ ልዩነቱ 2 ይሆናል።

የመግቢያ ደብዳቤሽን፣ የስኮላርሺፕ ማረጋገጫሽን፣ የኢንሹራንስ ወረቀትሽን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺ። ድንበር ላይ ፖሊሱ ለምን እንደመጣሽና የት እንደምታርፊ ይጠይቅሻል። ፍራንክፈርት አየር ማረፊያው ራሱ የባቡር ጣቢያ አለው፣ ከዚያ በቀጥታ ወይም ኮሎኝ ላይ ቀይረሽ አኸን ትገቢያለሽ። ቤት በገባሽ በ2 ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ አድራሻሽን ማስመዝገብ አለብሽ። ለዚህ የአከራይሽ ማረጋገጫ ስለሚያስፈልግ ቁልፍ ስትቀበዪ አብረሽ ጠይቂ። ቅዳሜ ከደረስሽ ዳቦና ወተት ያኔውኑ ግዢ፣ እሁድ ሱቁ ዝግ ነው።

እናትሽ ንጥር ቅቤና ቋንጣ ልቋጥር ማለታቸው አይቀርም። አይሆንም በያቸው። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኛ አገር ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል ነው። አየር ማረፊያ ላይ ወስደው ሲጥሉት ማየት ያማል። በርበሬና ሽሮ ግን ይቋጥሩልሽ። ከቤት የመጣ በርበሬ የመጀመሪያው ወር ላይ ምን እንደሚያደርግልሽ ያኔ ታውቂዋለሽ።

ፓስፖርትሽ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነም እዪ። እዚያ ቢሮ የሚጠሩሽ በሱ ነው። የአያትሽ ስም ከሆነ፣ ወረፋ ይዘሽ ስሙ ሲጠራ «አቤት» የምትዪው አንቺ ነሽ። የዲግሪሽና የፓስፖርትሽ ስም አጻጻፍ በአንድ ፊደል እንኳን ከተለያየ ከመሄድሽ በፊት መስተካከል አለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቶችሽን ይዘሽ፣ ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ ብቅ በይ። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናያቸዋለን።