አንድሮይድ ላይ ድምፅህ ከቢቱ ለሚዘገይብህ

በሳምሰንግ ስልክህ በብሉቱዝ ኢርፎን ስትቀዳ ድምፅህ ከቢቱ (ከሙዚቃው) እንደሚዘገይብህ ነግረኸኝ፣ ጋራጅባንድ ይሻል እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ባንድላብ የሚባለውን የሙዚቃ መቅጃ አፕ አውርድ፣ ነፃ ነው። ጋራጅባንድ ያልከው ለአይፎን፣ ለአይፓድና ለማክ ብቻ ስለሆነ ያንተ ሳምሰንግ ላይ አይገባም።

ድምፄ ከቢቱ ዘግይቶ ይገባል ላልከው ግን አፕ ብትቀያይር አይለቅህም፣ የሚያዘገየው የብሉቱዝ ኢርፎኑ ነው፣ ባለ ገመድ ሰክተህ ቅዳ። ትንሽ ከቀረ የቀዳኸውን በጣትህ ወደ ግራ ሳብ አድርገው።

ሚክስ ላይ (ድምፅህንና ቢቱን ስታዋህድ) ድምፅህ ካልተሰማ ቢቱን ቀንስ እንጂ ድምፅህን አትጨምር፣ የድምፅ መለኪያው ቀዩን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሪቨርብ (ድምፅ እንዲያስተጋባ የሚያደርገው) በትንሹ።

አንድ ነገር ልንገርህ አቦ፣ እዚህ ድሬ በሙቀቱ ቬንትሌተር ሳናጠፋ ነው የምንቀዳው፣ እኔ ሳቢያን ሰፈር እያለሁ ሙሉ ዘፈን እንደዛ ቀድቼ ኮምፕሬሰር (ዝቅ ያለውንና ከፍ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው) ሳደርግበት የቬንትሌተሩ ሹሹታ ከድምፄ እኩል ወጣ፣ ምንም ባደርግ አልጠፋ ብሎኝ እንደገና ዘፈንኩት። ማታ ቀዝቀዝ ሲል አጥፍተህ፣ ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን ከፍተህ ፊቱ ቆመህ ቅዳ።