የቴፕ ንባብ ስህተት፦ መጀመሪያ የብሎክ መጠኑን እወቅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን በነበረ አሮጌ የሰን ማሽን፣ በሶላሪስ (የሰን ኩባንያ የዩኒክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና) የተጻፈ የዳት ቴፕ (ትንሽ የዳታ ማስቀመጫ ካሴት) ነው። ሸዋ ሮቢት ወስደህ ሊኑክስ ላይ በታር (ፋይሎችን በአንድ ጠቅልሎ የሚጽፍና የሚፈታ ትእዛዝ) ልትከፍተው ስትል «ሚሞሪ መመደብ አልተቻለም» ይልሃል። ራም ብትጨምርም ያው ነው። የድሮ ደመወዝ ፋይሎቹ ደግሞ ሌላ ኮፒ የላቸውም። ቴፕ ከአንዱ ዩኒክስ ወደ ሌላው ሳገላብጥ ብዙ ስለኖርኩ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ከሁሉ በፊት ቴፑን አውጣና የመጻፍ መከላከያውን አንሸራትተህ ቆልፈው። በስህተት አንድ ነገር ከተጻፈበት መመለሻ የለውም።

ስህተቱ ከራም ጋር አይገናኝም። ቴፑ ላይ ያለው ብሎክ (በአንዴ የሚጻፍና የሚነበብ የዳታ ቁራጭ) ፕሮግራሙ ካዘጋጀው ቦታ ሲበልጥ የሊኑክስ ቴፕ ድራይቨር (ማንበቢያውን የሚያዘው ሶፍትዌር) የሚመልሰው መልስ ይሄ ነው። ታር ካልነገርከው በስተቀር 20 ጊዜ 512፣ ማለትም 10,240 ባይት ነው የሚጠብቀው። ቴፑን የጻፈው ሰው ትልቅ ብሎክ ተጠቅሞ ከሆነ አይገጣጠሙም። እንዲህ ስል ቴፑ ደህና የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው ማለቴ ነው፤ ተስፋ አትቁረጥ።

አሁን በኤምቲ (የቴፕ መቆጣጠሪያ) ትእዛዝ የድራይቩን፣ ማለትም የቴፕ ማንበቢያውን፣ ብሎክ 0 አድርገው። 0 ማለት የመጣውን መጠን ሁሉ ተቀበል ማለት ነው። ድራይቩ በአንድ ቋሚ መጠን ተቆልፎ ከቀረ «የግብዓት/ውጤት ስህተት» ይልህና ቴፑ የተበላሸ ይመስልሃል። ቀጥሎ ቴፑን ወደ መጀመሪያው አጠንጥነህ፣ በዲዲ (ዳታን እንዳለ የሚገለብጥ) ትእዛዝ መጠኑን 256 ኪሎባይት፣ ብዛቱን 1 ብለህ አንድ ብሎክ ብቻ ወደ ዲስክ አንብብ። ዲዲ ሲጨርስ ስንት ባይት እንደገለበጠ ይጽፍልሃል። መልሱ እሱ ነው። 65,536 ካለህ ለ512 አካፍለው፤ 128 ይመጣል። ለታር የብሎክ ቁጥሩን 128 ብለህ ስጠው።

ያቺን አንድ ብሎክ አትጣላት። የፋይል ትእዛዝ ስጥባትና ምን ዓይነት እንደሆነች ጠይቅ። ብዙ ሰው «ታር ነው» ተብሎ የተሰጠው ቴፕ በዩኤፍኤስደምፕ (የሶላሪስ ሌላ የመጠባበቂያ ትእዛዝ) የተጻፈ ሆኖ ያገኘዋል። እሱን ታር በምንም አይከፍተውም፤ የሚከፍተው ሪስቶር ነው። በውስጧ ያሉት ስሞች ሁለት ሁለት ፊደል እየተቀያየሩ፣ «ደመወዝ» የሚለው «መደዝወ» እንደሚሆነው ሆነው ከታዩህ ደግሞ ባይቶቹ ተገላብጠዋል። በዲዲ የስዋብ አማራጭ አሳልፈህ ለታር ስጠው።

ሌላው ሰው የሚያደክመው የመሣሪያው ስም ነው። ሊኑክስ ላይ ኤስቲ0 ሥራው ባለቀ ቁጥር ቴፑን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል፤ ኤንኤስቲ0 ግን ባለበት ይተወዋል። አንድ ቴፕ ላይ ብዙ መዝገብ ካለ በኤስቲ0 ሁልጊዜ የምታየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሰውም «ሌላው ጠፍቷል» ብሎ ይደመድማል። በኤንኤስቲ0 ሆነህ በኤምቲ አንድ የፋይል ምልክት (በመዝገቦች መካከል ያለ መለያ) ወደፊት ዝለልና እየው።

ድራይቩንም እየው። ዲዲኤስ የዳት ዳታ ቴፕ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ትውልዱን ይናገራል። ዲዲኤስ 4 ድራይቭ የዲዲኤስ 3 ቴፕ ያነባል፤ ዲዲኤስ 3 ድራይቭ ግን ዲዲኤስ 4ን አያነብም።

ስለ መንገዱም ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ችላ ይለዋልና። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ ጣርማበርን ወርዶ ሮቢት ሙቀት ውስጥ የገባ ቴፕ ላይ እርጥበት ሊቋጥር ይችላል። እርጥብ ቴፕ ደግሞ ከድራይቩ ከበሮ (ከሚሽከረከረው ማንበቢያ) ጋር ተጣብቆ ሊበጠስ ይችላል። ከነማኅደሩ ክፍሉ ውስጥ አንድ ቀን ይደር፣ ከዚያ አስገባው። ድራይቩንም በማጽጃ ካሴት አስቀድመህ አጽዳው።

ማንበብ ሲጀምርልህ በቀጥታ ፋይል ለማውጣት አትቸኩል። መጀመሪያ ሙሉውን በዲዲ ወደ ዲስክ ገልብጠው፣ ታርን ከዲስኩ ኮፒ ላይ አሂደው። አሮጌ ቴፕ በተነበበ ቁጥር ይጎዳል።

ዲዲ የሰጠህን የባይት ቁጥርና የፋይል ትእዛዝ ያለውን እዚሁ ጻፍልን፤ ከዚያ ቀጣዩን አብረን እናየዋለን።