ባቄላው ቁመት ሰጠ፣ እሸት ግን ነሳ

ጥያቄው የመጣው ከሞረትና ጅሩ ነው። «ባቄላችን ባለፈው ክረምት ከወገብ በላይ አድጎ እሸት የያዘው አናቱ ላይ ብቻ ነው። በኋላ ቅጠሉ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣና ተኛ። የዘራነው በብተና ነበር። ዘንድሮ በመስመር እንዝራ ስል አባቴ ‹መሬቱን ባዶውን ልታስቀረው ነው?› ይሉኛል። ማን ነው ልክ?»

ወንድሜ፣ አባትህም ነጥብ አላቸው፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የቁመቱን ነገር እንይ። ባቄላ ሲጨናነቅ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይሻማል። ግንዱ ይቀጥናል፤ የታችኛው አበባ ጥላ ውስጥ ስለሚቀር ይረግፋል። ነፋስ ስለማይገባውም ጤዛው ቶሎ አይደርቅም። ያ ቡናማ ነጠብጣብ፣ ባለሙያዎች ቸኮሌት ስፖት የሚሉት፣ እንዲህ ያለ እርጥበት ሲያገኝ ነው የሚስፋፋው። (ቅጠሉ ተኮራምቶ አረንጓዴ እባጭ ካወጣ ግን ቆርምድ የሚባለው ሌላ የባቄላ በሽታ ነው። እሱን ማራራቅ ብቻውን አይመልሰውም።)

የብተና ችግር ዘር ማብዛቱ ብቻ አይደለም። አንዱ ጋ አራት አምስቱ ተቃቅፎ ይበቅላል፣ አጠገቡ ሜዳ ነው። ማረሻው ወደ ታች የቀበረው ደግሞ ጭራሽ ላይወጣ ይችላል።

ለባቄላ የተለመደው ርቀት በመስመሮች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር፣ በዘሮች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር 25 ተክል ይሆናል ማለት ነው። ክፍት የመሰለው ቦታም ባዶ አይቀርም፤ ባቄላ ቦታ ሲያገኝ ከሥሩ ቅርንጫፍ ያወጣል። በዚያ ላይ አረሙን በመስመሩ መሃል ገብተህ ትኮተኩታለህ።

አሁን ወደ አባትህ። የእናንተ መሬት ጥቁር አፈር ነው፣ ውሃ ይተኛበታል። ሜዳው ላይ መስመር ብታወጣ ሥሩ ይታፈንና ልፋትህ ገደል ይገባል። ስለዚህ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ከፍ ያለ መደብ፣ በየመሃሉ ደግሞ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ አውጣ። መደቡ ላይ ሁለት መስመር ይያዝ፣ ከየጠርዙ 20 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ። እዚህ ላይ ነው አባትህ የማይሳሳቱት፤ ቦይው የመሬቱን ሲሶ ይወስዳል። በ10 ሴንቲ ሜትር ከዘራህ በካሬ ሜትር ወደ 17 ተክል ትወርዳለህ፤ ይሄ ለእኔ ይሳሳብኛል። በዘሮች መካከል ያለውን ርቀት ወደ 7 ዝቅ አድርገው፣ 24 ገደማ ይሆንልሃል። በመስመሮቹ መካከል ያለውን 40 ግን አትንካው፣ ነፋስ የሚያልፈው በዚያ ነው።

ለልኬቱ ዱላ ቁረጥና በቢላ 7 እና 40 ላይ ምልክት አድርግበት። በዓይን ግምት የተጀመረ መስመር መጨረሻው ላይ ይጠባል። የቀን ሠራተኛ ከያዝክ ደግሞ ከምሳ በኋላ ዱላውን ይዘህ ዙር፣ ሰው ሲደክመው እፍኙን ማፍሰስ ይጀምራል። ነቀዝ የበላውን ዘር ለቅመህ አውጣ። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ማዳበሪያው ዘሩን እንዳይነካ በመሃል ትንሽ አፈር ይኑር። ቦይው ውሃ የሚያስወጣበት አፍ ከሌለው ኩሬ ነው የሚሆንብህ፤ መውጫውን ከዘር በፊት ክፈት።

አባትህን በክርክር አታሳምናቸውም። ጥጉ ላይ አንድ ቁራጭ በብተና ተውላቸው። አጨዳ ሲደርስ ከሁለቱም ወገን እኩል ስፋት ለክታችሁ ለየብቻ ውቁና መዝኑት። የቦይውን ቦታም አብራችሁ ለኩ፣ አለበለዚያ ሚዛኑ ለአንተ ያደላል።