የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለደንበኛ መኪና ማቆሚያ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ መደብር አለኝ። ከሐይቅ፣ ከኩታበርና ከኮምቦልቻ የሚመጡ ደንበኞቼ መኪና የሚያቆሙበት አጥተው ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞሩ በኋላ ሳይገበዩ ይመለሳሉ። ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ሆነን ማዘጋጃ ቤቱ ባለፎቅ ማቆሚያ እንዲሠራ ልንጠይቅ አስበናል። በሰዓት ክፍያ ይጀመር የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን ክፍያው ጭራሽ ገበያውን ያርቅብናል ብዬ እሰጋለሁ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አንዱንም ከመምረጥዎ በፊት ለአንድ ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ በመደብርዎ ፊት የሚቆሙትን መኪኖች ታርጋ በየግማሽ ሰዓቱ በደብተር እንዲመዘግቡ እለምንዎታለሁ። ጠዋት የተጻፈው ታርጋ ከሰዓት በኋላም ከተገኘ፣ መኪናው ከገበያተኛው ይልቅ የባለሱቁ፣ የሠራተኛው ወይም የአካባቢው መሥሪያ ቤት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። እኔ ራሴ በቅርቡ በዚያው ሰፈር ሳልፍ፣ የኋላ ጎማው በድንጋይ ታኮ የተያዘ፣ የሌሊቱ ጤዛ በአቧራው ላይ ወርዶ የደረቀበት መኪና አየሁ፤ ከጎኑ ቦታ ለማስያዝ የተቀመጠ የዘይት ጀሪካን ነበር። ልጅ ያዘለች እናት ሁለቱን ዞራ ለማለፍ ሚኒባስ እየመጣ ወደ አስፋልቱ ወረደች። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ሁኔታ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሒሳቡን ይመልከቱት። አንድ የማቆሚያ ቦታ አንድን መኪና ለ8 ሰዓት ካዋለ የሚያስተናግደው አንድ ባለመኪና ብቻ ነው፤ በየሰዓቱ ከተለቀቀ ግን 8 ደንበኛ ያስተናግዳል። 10 መኪና የሚይዝ የመንገድ ዳር በቀን 10 ወይም 80 ሰው ሊያመጣልዎ ይችላል ማለት ነው። በዓለም የመጀመሪያው የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ መቁጠሪያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ሲቲ ሲተከል፣ በሰዓት 5 ሳንቲም ያስከፍል ነበር፤ የተተከለውም የመሀል ከተማ ሠራተኞች ቦታውን ቀኑን ሙሉ ይዘው ደንበኛ መግቢያ አጣ የሚል የነጋዴዎች አቤቱታ ስለበረታ ነው። የእርስዎም ችግር ይኸው ነው።

ስለዚህ ክፍያውን አይፍሩት፤ የሚያስፈራው አወሳሰኑ ነው። ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ፣ ተገቢው ዋጋ በየመንገዱ ጠርዝ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት እንዲገኝ የሚያደርገው ነው፤ ገቢውም ለዚያው ሰፈር ይዋል ይሉ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መርህ ዋጋውን እንደየመንገዱና እንደየሰዓቱ ስታስተካክል ቆይታለች። ለፒያሳ ያን ያህል መሣሪያ አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነጻ ወይም ርካሽ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ታሪፉ እየጨመረ ቢሄድ፣ ሰብሳቢዎቹም ቁጥር ያለው ደረሰኝ ቢሰጡ ይበቃል። ለሚያውቁት የሚምሩና በእንግዳው ላይ የሚያጠብቁ ከሆነ ግን ሥርዓቱ በወሩ ይፈርሳል።

ባለፎቁን ማቆሚያ በተመለከተ፣ መተላለፊያውና መወጣጫው ሲታከል አንድ መኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ በጦሳ ተራራ ግርጌ ለተጣበበችው ደሴ ይህ ውድ መሬት ነው። መንገድ ዳር ነጻ ሆኖ ሳለ ፎቅ የሚወጣ ሹፌርም አይኖርም። በቅድሚያ ለማቆሚያ ተብለው ተፈቅደው መጋዘን የሆኑ ምድር ቤቶች ካሉ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ጠይቁ።

ከክፍያው የሚገኘው ገንዘብ ክፍት የጎርፍ ቦዮችን ለመክደን፣ የእግረኛ መንገድ ለማስተካከልና ሚኒባስና ባጃጅ ሰው የሚያወርዱበትን ቦታ ለመለየት ቢውል፣ በእግሩና በታክሲ የሚመጣው ብዙኃኑ ገበያተኛ ይጠቀማል። አገራችን ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂም ለእግረኛና ለብስክሌት ትኩረት የሚሰጥ ስለሆነ፣ ማመልከቻችሁን በዚያ አስደግፉ። ነገር ግን ማመልከቻው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የየራሳችሁን መኪና ከሱቃችሁ ደጅ አንሱ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ፣ የምሠራው ደሴ ነው። በየቀኑ የሐረጎን ዳገት በራሴ መኪና እወጣለሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ?

መልስ፦ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታውም ወደ 600 ሜትር ስለሆነ ብስክሌትን ለኮምቦልቻ ሜዳ ይተዉት። በአንድ አቅጣጫ የምትሠሩ አራት ሰዎች በተራ በአንድ መኪና ብትሄዱ ደሴ ላይ ሦስት ቦታ ይለቀቃል፤ ነዳጁም ይካፈላል። መሥሪያ ቤትዎ ለመኪና ማቆሚያ ግቢ የሚከራይ ከሆነ ደግሞ ኪራዩን በሰርቪስ ወይም በትራንስፖርት አበል እንዲለውጥ ይጠይቁ፤ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣችው ሕግ አንዳንድ ቀጣሪዎች መኪና ይዞ ለማይመጣ ሠራተኛ የማቆሚያውን ወጪ በጥሬ ገንዘብ እንዲሰጡት አስገድዳለች።