ጥገና አይፈልግም የተባለው በረንዳ ለምን ይሻግታል?

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት የበረንዳችንን የእንጨት ወለል አስነሥተን በኮምፖዚት ሳንቃ አስቀየርነው። የሸጠልን ሰው «ከእንግዲህ ጥገና የሚባል ነገር አታስቡ» ብሎን ነበር። አሁን ግን ጥላ በሚያርፍበት በኩል ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል። በበረኪና ስናጥበው ይጠፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ይመለሳል። ተታለናል ወይስ አያያዙን አላወቅንበትም?

መልስ፦ ሻጩ የነገራችሁ ግማሹ እውነት ነው። ኮምፖዚት ከእንጨት ብናኝና ከፕላስቲክ ተደባልቆ የሚሠራ በመሆኑ ቀለምና ቫርኒሽ በየጊዜው መቀባት አያስፈልገውም፤ ስንጥርም አያወጣም። ከመታጠብና ከመፈተሽ ግን ነፃ አይደለም፤ ሻጮች ይህን ሁለተኛውን ግማሽ መናገር የሚዘነጉት ሳያውቁት አይመስለኝም።

ሻጋታው በአብዛኛው የሚመገበው በሳንቃው ላይ የሚከማቸውን አቧራ፣ የአበባ ብናኝና የበሰበሰ ቅጠል ነው። በረኪና ጥቁረቱን ያነጣዋል እንጂ ምግቡንና እርጥበቱን ስለማያስወግድ፣ ነጠብጣቡ መመለሱ አያስገርምም፤ ደጋግሞ መጠቀም ደግሞ የሳንቃውን ቀለም ሊያደበዝዝ ይችላል። የተቆረጠ ጫፍ ካገኛችሁ ተመልከቱት፦ ዙሪያውን ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ከለበሰ ቆሻሻው የሚቀረው ከላይ ነው፤ ሽፋን ከሌለው ግን የእንጨቱ ብናኝ ራሱ እርጥበት ስለሚስብ ሻጋታው ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ስለሚችል የበለጠ ትጋት ይጠይቃል።

ስለዚህ ወለሉን አዘውትራችሁ ጥረጉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ደግሞ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ የሳንቃውን መሥመር ተከትላችሁ እጠቡት። አረፋው ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ አለባችሁ፤ የቆሸሸው ውሃ በላዩ ከደረቀ ነጭ ልባስ ይተዋልና ሰው ሳንቃው የደበዘዘ ይመስለዋል። በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ችላ አትበሉት፤ ቅጠል ሲደፍነው ውሃው መውረጃ ያጣል፣ ከሥር የሚያልፈው አየርም ይታገዳል። ክፍተቱን በብረት ሳይሆን በቀጭን የፕላስቲክ መፋቂያ ክፈቱት። በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚረጭ ማሽን የሚፈቅዱም የሚከለክሉም አምራቾች ስላሉ፣ ከመጠቀማችሁ በፊት የዋስትናውን ወረቀት አንብቡ። የብርጭቆ ወረቀት ግን አታስነኩት፤ ሽፋኑ አንዴ ከተላጠ አይመለስም።

ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ ከሥሩ ያለውን ቀለም ሊለውጥ ይችላል። የምግብ ዘይት ከፈሰሰ በዚያው ቀን በሳሙና አንሡት። የአበባ ማሰሮዎችን አልፎ አልፎ ቦታ ለውጡላቸው፤ ጥላ ያለበት በኩል የተጠጋ ቅርንጫፍ ካለ መከርከሙ ከበረኪናው ይልቅ ይጠቅማችኋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ያልጠየቃችሁኝ ነገር ነው። ላዩ ኮምፖዚት ቢሆንም የተሸከሙት አግዳሚዎች ብዙውን ጊዜ እንጨት ናቸው። እናንተ ደግሞ ወለሉን ብቻ ነው የቀየራችሁት፤ ከሥር ያለው የቀድሞው እንጨት ሊሆን ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ከሥር ገብታችሁ አግዳሚዎቹን፣ በተለይም ብሎን የገባባቸውን ቦታዎችና በረንዳው ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያዝበትን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ውጉ። ጫፉ ያለ ትግል ከሰመጠ እንጨቱ በስብሷልና፣ ከላይ ያለው ሳንቃ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስል ተነሥቶ አግዳሚው እስኪቀየር ድረስ በረንዳው ላይ ሰው እንዳይሰበሰብ አድርጉ።