«ልጄ ሽቦ ሲጎትት ለማየት ነው ወይ የተሰደድኩት?»

«የምንኖረው ጀርመን፣ ኑረምበርግ ነው። የ16 ዓመት ልጃችን ዘንድሮ ሪያልሹለ (እስከ 10ኛ ክፍል የሚያስተምረውን መካከለኛ ትምህርት ቤት) ይጨርሳል። ራሱ ተሯሩጦ በኤሌክትሪክ ሥራ አውስቢልዱንግ (እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና) አግኝቷል። ባለቤቴ ግን ‹ልጄ ሽቦ ሲጎትት ለማየት ነው ወይ የተሰደድኩት?› ብሎ የሥልጠናውን ውል አልፈርምም አለ። ልጁ አራተኛ ክፍል እያለ ውጤቱ ለጂምናዚየም (ለዩኒቨርሲቲ ለሚያዘጋጀው ትምህርት ቤት) አልበቃም ነበር፤ ያኔ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ በደንብ አልገባንም። አሁን ከተኳረፉ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። መሀል ቤት ሆኜ የአንዱን ለአንዱ ሳመላልስ ደከመኝ። ልክ የቱ ነው?»

እህቴ፣ ያ ፍሪጅ ላይ ያለው ወረቀት ከሐሳቤ አልወጣም። ልጅሽ 18 ዓመት ስላልሞላው የእናንተ የወላጆቹ ፊርማ የግድ ነው። ወተት ሊያወጣ በሄደ ቁጥር የአባቱ እምቢታ ፊት ለፊት ይጠብቀዋል።

ባለቤትሽን ግን ክፉ አድርጌ አላየውም። እኛ አገር ለዓመታት ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ነበር የሚገባው። «ቴክኒክ ገባ» ሲባል ሰፈሩ «ወደቀ» ብሎ ይሰማዋል። እሱም ዛሬ የሚሰማው ያንኑ ይመስለኛል።

የጀርመኑ ነገር ሌላ ነው። ልጁ አብዛኛውን የሳምንቱን ቀን ድርጅቱ ውስጥ ከባለሙያ ጋር ይሠራል፤ አንድ ሁለት ቀን ሙያ ትምህርት ቤት ይገባል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈለዋል። ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከዚያ ሠርቶና ተምሮ ማይስተር (በሙያው የተመሰከረለት ዋና ባለሙያ) መሆን ይችላል፤ የማይስተር ማዕረግ በጀርመን የብቃት መለኪያ ከባችለር ዲግሪ እኩል 6ኛ ደረጃ ላይ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም ያስገባል። ካልተስማማው ደግሞ በሙከራ ጊዜው፣ ማለትም ቢበዛ በ4 ወር ውስጥ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መተው ይችላል።

ይህን ስል የባለቤትሽ ቁጣ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ዲግሪ ያለው በአማካይ የተሻለ ያገኛል። ከዚህ የሚብሰው ግን ኑረምበርግ ያለችበት የባቫሪያ ግዛት ልጆችን ገና በ10 ዓመታቸው በውጤት ወደተለያየ ትምህርት ቤት መለየቷ ነው። በጀርመንኛ፣ በሒሳብና በአካባቢ ትምህርት አማካዩ 2.33 ወይም ከዚያ የተሻለ የሆነ በቀጥታ ጂምናዚየም ይገባል (እዚያ ትልቁ ውጤት 1 ነው)። እቤቱ አማርኛ የሚያወራ ልጅና የቤት ሥራውን ከጀርመናዊ አስተማሪ እናቱ ጋር የሚሠራ ልጅ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው ፒሳ የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና የተማሪው ውጤት ከወላጆቹ ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ ሲያሳይ አገሩ ደንግጦ ነበር። በርሊን እንኳ እስከ ስድስተኛ ክፍል ትጠብቃለች። እኔ 10 ዓመት ገና ነው ባይ ነኝ።

እናም ባለቤትሽ የተጣላው ከዚያ ከአራተኛ ክፍል ውጤት ጋር ይመስለኛል። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ልጁ ነው። በ10 ዓመቱ «አትበቃም» ተባለ። በ16 ዓመቱ ማመልከቻ ጽፎ፣ በር አንኳኩቶ፣ «ና፣ እንፈልግሃለን» የሚለው ሰው አገኘ። ያን ደስታ ይዞ እቤቱ ሲገባ እንደገና «አትበቃም»።

አንቺ መልእክት ማመላለሱን ዛሬውኑ አቁሚ። ባለቤትሽን ለብቻችሁ ስትሆኑ አነጋግሪው። ለልጁ «ያኔ አሠራሩን ስላላወቅን ልንከራከርልህ አልቻልንም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል» ይበለው። ለሐበሻ አባት ይህን ማለት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ይሞክረው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀው፦ «ከሥራው ምኑን ወደድከው?» መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ስለ ፊውዝ ሳጥን ሲያወራ እጁ አብሮ መንቀሳቀስ ከጀመረ፣ ያልጠየቃችሁትን ሁሉ ከዘረገፈ፣ ፈርሙለት። «እኔ ለትምህርት አልሆንም» ካለ ግን የአራተኛ ክፍሉን ፍርድ ራሱ ላይ አጽድቋል ማለት ነው። ያኔ ከሪያልሹለ ቀጥሎ የሚገባበትን ፋክኦበርሹለ የተባለውን ትምህርት ቤት አብራችሁት ሄዳችሁ እዩ፤ በዚያም በኩል ወደ ከፍተኛ ትምህርት መንገድ አለ። እሱን አይቶም ኤሌክትሪኩን ካለ፣ አሁንም ፈርሙለት።

ውሉን ከፍሪጁ ላይ አንሺው። እሑድ ቡና ስታፈዪ ጠረጴዛው ላይ አድርጊው። እስክሪብቶ ግን አታስቀምጪ፤ መጀመሪያ ይነጋገሩ።