ሄልፋየር ከተተኮሰ በኋላ ሌዘሩን መያዝ ግድ ነው?

«አፓቼ ሄሊኮፕተር ሄልፋየር የሚባለውን ፀረ-ታንክ ሚሳይል ከተኮሰ በኋላ ወዲያው ዞሮ መደበቅ ይችላል?» ላልከው፦ እንደ ሚሳይሉ ዓይነት ነው።

በሌዘር የሚመራው፣ ለምሳሌ ኬ የሚባለው፣ ታንኩ ላይ ያረፈችውን የሌዘር ነጥብ ተከትሎ ነው የሚሄደው። እስኪመታ ድረስ ነጥቧ ከታንኩ ላይ መነሳት የለባትም። ግን የሚይዛት የግድ ተኳሹ አይደለም። ሌላ ሄሊኮፕተር ወይም መሬት ላይ ያለ ወታደር ከያዘለት፣ እሱ ከኮረብታ ጀርባ ሆኖ ተኩሶ ውልቅ ነው። ኤል (ሎንግቦው) የሚባለው ሚሳይል ደግሞ አፍንጫው ላይ የራሱ ራዳር ስላለው ተኩሶ መርሳት ነው፤ ሌዘር የሚይዝለት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ሚሳይሉና ሌዘሩ አንድ ኮድ (ሚሳይሉ የራሱን ሌዘር የሚለይበት ቁጥር) ላይ መሆን አለባቸው። እኔ በበረራ ሲሙሌተር ኮዱን ሳላመሳስል ተኩሼ፣ ነጥቧን ታንኩ ላይ አጥብቄ እንደያዝኩ ሚሳይሉ ባዶ ሜዳ ላይ ወደቀ። ዝቅ ያለ ደመናም ነጥቧን ከሚሳይሉ ስለሚጋርድ እንዲሁ ጉድ ይሠራል።